ለየብቻ ያልፋሉ፣ ሲገናኙ ፍሬኑ ይዘገያል
ለመመረቂያ ሥራዬ የመኪና አውቶማቲክ ፍሬን በሞዴል እየሠራሁ ነው። ካሜራ፣ ውሳኔ ሰጪ ኮምፒውተርና የፍሬን መቆጣጠሪያ በሴኮንድ 500 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ የካን መስመር (CAN፣ የመኪና ክፍሎች መልእክት የሚለዋወጡበት የጋራ መስመር) ተያይዘዋል። መሰናክል ከታየ በኋላ ፍሬኑ በ300 ሚሊሴኮንድ ውስጥ እንዲይዝ ለሦስቱም 100፣ 100 ደለደልኩ።

ለየብቻ ስፈትናቸው ሁሉም ያልፋሉ። ሲገናኙ ግን አንዴ 310፣ አንዴ 390 ይሆናል። በካን ዝቅተኛ መለያ ቁጥር ያለው መልእክት ስለሚቀድም፣ የፍሬኑን መልእክት ቁጥር ዝቅ አድርጌ ቅድሚያ ሰጠሁት፤ ለውጥ የለም፣ መስመሩም አልተጨናነቀም። የምጠረጥረው ኮምፒውተሩም ሆነ የፍሬን መቆጣጠሪያው መልእክት የሚያነቡት በየራሳቸው የ50 ሚሊሴኮንድ ዑደት መሆኑን ነው። መልእክቱ ቀጣዩን ዑደት የሚጠብቅበት ይህ ጊዜ በየትኛውም ክፍል ድርሻ ውስጥ አልተጻፈም፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

በመስፈርት ሰነዱ ላይ ይህን የመካከል ጊዜ ከየክፍሉ ድርሻ ልቀንሰው ወይስ በሥርዓቱ ደረጃ ራሱን የቻለ መስፈርት ላድርገው?