በባለሙያ ምስክርነት ሥራ ለገጠመኝ ችግር ምክር ስለመጠየቅ

በአሜሪካ የምትሠሩ የተከበራችሁ የጤናና የሕግ ባለሙያዎች፣

በሜሪላንድ ግዛት የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር (ሕመምተኛን መርምሮ ለማከም ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ነርስ) ሆኜ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ አንድ ጠበቃ፣ የደረት ሕመም ይዞት የመጣን ሰው ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሳታስነሣው ወደ ቤቱ በሸኘች ነርስ ፕራክቲሽነር ላይ የሟች ቤተሰብ ባቀረበው ክስ የባለሙያ ምስክር እንድሆን ጠየቀኝ። መዝገቡን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ፣ አሠራሯ ከሙያችን ደረጃ በታች እንደነበር ለመመስከር እንደምችል ነገርኩት።

የተቸገርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጠበቃው «ምርመራው ቢደረግ ኖሮ ሰውየው ይድን ነበር» የሚለውንም በጽሑፍ እንዳረጋግጥለት ይፈልጋል፤ ይህ ግን በእኔ እምነት የልብ ሐኪም ድርሻ ነው፣ በመስቀለኛ ጥያቄም ቃሌን በሙሉ የሚያስጥለው ይኸው ይመስለኛል። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ሐኪም እንኳ ስለ ነርሶች የሥራ ደረጃ መመስከር እንደማይችል ወስኗልና፣ ነርስ በሐኪም ቦታ ገብታ ስትናገር ምን ሊባል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ክፍያዬም ከሚገኘው ካሳ ላይ እንዲታሰብ ያቀረበውን ሐሳብ ወዲያውኑ አልተቀበልኩም፤ የምስክር ክፍያ ለሰዓቱ እንጂ ለውጤቱ አይደለምና። ግዛቱ፣ ምስክሩ ከሙያ ሥራው ከ25 በመቶ በላይ የሚሆነውን ለእንዲህ ዓይነት ምስክርነት እንዳያውል የጣለው ገደብ አያሰጋኝም፤ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው።

በሥራው ያለፋችሁ፣ ምስክርነቴ በሙያው ደረጃ ብቻ እንዲወሰን የስምምነት ደብዳቤው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? የሙያ ኢንሹራንሴስ ይህን ሥራ ይሸፍን እንደሆነ ማንን ልጠይቅ?