የስንዴ ገለባ ጨምሯል ይላል ግራፉ፣ ገበሬው መኖ የለም ይላል። ማንን ልመን?

ያላለቀ ማስተርስ፦
ሰላም ቤተሰብ። የመመረቂያ ጽሑፌ በከብት መኖ ላይ ነው። ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመረጃ ቋት የኢትዮጵያን የስንዴ ተረፈ ምርት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አወረድኩ። ግራፉ አልፎ አልፎ ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አርሲ ላይ ያናገርኳቸው ገበሬዎች ግን መኖ ከዓመት ዓመት እያጠረን ነው ይላሉ። ሌላው ችግር፣ መለኪያው ኪሎ ናይትሮጅን ነው እንጂ ቶን ገለባ አይደለም። ገለባ 0.6 በመቶ ናይትሮጅን አለው ስለሚባል ቁጥሩን ለ0.006 ባካፍለው ያስኬዳል? አማካሪዬ «ትሬንዱን አብራሪ» ብሎኝ ጠፍቷል።

ባለ ኤክሴል፦
እህቴ አታካፍዪ! እዛ ቁጥር ውስጥ ሥሩም አለበት። ደግሞ ይሄን ያዢ፣ ገለባውን ማንም ማሳ ወርዶ አልመዘነውም። ከምርቱና ከመሬቱ ስፋት በቀመር የተሰላ ነው፣ ቀመሩም በ2006 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል መመሪያ የመጣ ነው። ምርቱን በቶን በሄክታር ትወስጂና እርጥበቱን ለማውጣት በ0.89 ታባዢዋለሽ። ያንን በ1.51 አባዝተሽ 0.52 ትጨምሪበታለሽ። ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ተረፈ ምርት እሱ ነው።

በሄክታር 14 ኩንታል ከተገኘ 2.4 ቶን ይመጣል፣ 28 ኩንታል ከሆነ 4.3 ቶን ገደማ። ምርቱ እጥፍ ሲሆን ገለባው እጥፍ እንዳልሆነ ልብ በይ። 4.3ቱን ቶን በ0.006 ስታባዢው 26 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፣ ሥሩ ደግሞ ወደ 15 ኪሎ ይጨምርበታል። ሥር የምትበላ ላም የለችም። ስለዚህ ናይትሮጅኑን ተዪውና ከምርቱ ተነሺ።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀመሩ የተሠራው ለመኖ ሳይሆን አፈር ላይ በስብሶ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ከባቢ አየር የሚያሞቅ ጋዝ ስለሚያወጣው ቅሪት ነው። ከማሳ ስንቱ እንደሚነሳ መረጃ ከሌለ ምንም እንዳልተነሳ ቁጠሩት ይላል መመሪያው። እኛ አገር ገለባ ማሳ ላይ ሲበሰብስ አይተሽ ታውቂያለሽ? 😄

የበቆጂ ልጅ፦
ግራፉንም ገበሬውንም እመኛቸው። ድሮ ስንዴው በማጭድ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማ ላይ በበሬ ይወቃ ነበር። በሬው ሲረግጠው ገለባው ይደቃል፣ ከእብቁ ጋር ተደባልቆ ደጃፍ ላይ ይከመራል፣ እስከ ክረምት ከብቱ እሱን ነው። አሁን ኮምባይነር ይገባል። ከፍ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፣ ግማሹ ቁመት ማሳ ላይ ቆሞ ይቀራል። በማሽኑ ውስጥ ያለፈውን ደግሞ ከኋላው እየበተነው ይሄዳል፣ እብቁን ነፋስ ይወስደዋል፣ ቶሎ ካልሰበሰብሽው የሰው ከብት ይገባበታል፣ አንዳንዱም ለቀጣዩ እርሻ ብሎ እሳት ይለቅበታል። ገለባው አለ፣ ደጃፍ አልደረሰም ነው ነገሩ። ሌላ ደግሞ የግጦሹ መሬት ራሱ ታርሶ ስንዴ ሆኗል። ገበሬው መኖ አጠረ ሲልሽ ያጣውን ሣርም ቆጥሮ ነው።

ዋግ ጠሉ፦
ስለ ዝርያ ማንም አላነሳም። ቁመተ አጫጭር ዝርያዎች ከገቡ ወዲህ ተክሉ ከገለባ ይልቅ ፍሬ ላይ ያደላል። ቀመሩ ይሄን አያውቅም፣ ለረጅሙ የአገር ቤት ስንዴም ለአጭሩም ያው 1.51 ነው። ግራፉ ላይ ዝቅ ያለባቸውን ዓመታትም ተጠንቀቂ። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ሲመታው ፍሬው ቀጨጨ እንጂ አገዳው ቀድሞ አድጎ ነበር። በቀመሩ ከሄድሽ ግን ፍሬው በቀነሰ ቁጥር ገለባውም ቀነሰ ይልሻል።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ዓመቱን ሳታስተካክዪ ምንም አትሥሪ። የኛ የ2011 ዓ.ም. መኸር በፈረንጅ 2018 ማብቂያ ላይ የታጨደ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱን ሪፖርት ከፋኦው ጋር ጎን ለጎን ስታደርጊ አንድ ዓመት ይንሸራተትብሻል፣ ይሄ ያላሳሳተው ተማሪ ብርቅ ነው። የበልጉንና የትላልቅ እርሻዎቹን ምርት በየራሱ ሪፖርት ፈልጊ፣ የአነስተኛ ገበሬው መኸር ሪፖርት ላይ የሉም። ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት ያለውን ከፈለግሽ ደግሞ ኤርትራም አብራ ያለችበት ስለሆነ ከኋለኛው ጋር በአንድ መስመር አታያይዢው።

መኖ ነክ፦
ቶኑን ብታገኚም ጥራቱን አትርሺ። የስንዴ ገለባ ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ ግን ከ4 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ገበሬው የጤፍ ጭድ የሚያስበልጠው ወዶ አይደለም። ጢሙ የሚዋጋ ስንዴ ከሆነማ ከብቷ ታሽትና ትተወዋለች፣ ለዚህ ነው አተላ ወይ የጨው ውሃ የሚረጩበት። ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ ረጭቶ፣ በፕላስቲክ አፍኖ ለ3 ሳምንት ማቆየትም ይሻሻላል፣ ችግሩ ማዳበሪያ በዚህ ዋጋ ማን ለገለባ ይሰጣል የሚለው ነው። አደራ፣ የሚያደርገው ካለ ከማብላቱ በፊት ገልጦ ሽታው እስኪወጣ ያናፍሰው።

ያላለቀ ማስተርስ፦
ተባረኩ በእውነት። ጋሼ ጡረተኛው፣ ዓመቱ ልክ እንዳሉት ተንሸራቶብኛል፣ አሁን አየሁት። እንግዲህ ከምርቱ ተነስቼ ራሴ አሰላለሁ፣ ማሳ ላይ ደግሞ ትንሽ ልመዝን። የባሌ አካባቢንም ልጨምር አስቤያለሁ፣ መቼ ልሂድ?

የበቆጂ ልጅ፦
ባሌ ሁለት ወቅት አለው። ቦና የሚሉት የመኸሩ ስንዴ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይታጨዳል፣ ገና የሚሉት የበልጉ ደግሞ (የልደት በዓሉ ገና አይደለም) ሐምሌና ነሐሴ። ለገለባ የቦናው ይሻልሻል፣ የገናው ዝናብ ላይ ስለሚወድቅ ይሻግታል። ኮምባይነሩ ከመግባቱ በፊት ድረሺ እንጂ ከገባ በኋላ የምትመዝኚው የተረፈውን ብቻ ነው።

ባለ ኤክሴል፦
1 ሜትር በ1 ሜትር ክፈፍ ከእንጨት አሠሪ። በየማሳው ከመሬት አስጠግተሽ እጨጂና ፍሬውን ለብቻ፣ ገለባውን ለብቻ አድርቀሽ መዝኚ። ኮምባይነሩ ሲያልፍ ደግሞ ቆሞ የቀረውን ቁመት ለኪ። ከ1.51ዱ ጋር ስታነጻጽሪው የሚወጣው ልዩነት አንድ ምዕራፍ ይሆንሻል።