የእግዚአብሔር መንግሥት ከቀረበች መጥምቁ ዮሐንስ ለምን ሳይፈታ ቀረ?

ጠያቂ፦ የሄርማታ ነዋሪ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞችና እኅቶች። እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ ቅዳሜ ማታ በአንድ ቤት እየተሰበሰብን መጽሐፍ ቅዱስ የምናጠና ጥቂት ሰዎች ነን፤ ኦርቶዶክሶችም ፕሮቴስታንቶችም አለንበት። ሰሞኑን የማርቆስን ወንጌል ጀምረን ምዕራፍ 1 ቁጥር 14 ላይ ስንደርስ፣ ወንድሙ ታስሮበት ስንቅ የሚያመላልስ አንድ ወጣት ጣቱን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሣ «ዮሐንስ ታሰረ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ መንግሥት ቀረበች ይላል። ቀርባ ከሆነ ታዲያ ዮሐንስን ለምን አላስፈታችውም?» ብሎ ጠየቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለ ነበር ያልሰማነው መስሎት ደግሞ ጠየቀ። እኛ ግን ሰምተን ነበር፤ ዝም ያልነው የምንመልሰው አጥተን ነው።

ጌታ በናዝሬት ምኵራብ «ለታሰሩትም መፈታትን» ሊሰብክ እንደ ተላከ በራሱ አንደበት መናገሩን ሳስብ ጥያቄው ይበልጥ ይከብደኛል። የጌታ አገልግሎት መጀመሪያ ከዮሐንስ መታሰር ጋር ለምን እንደ ተያያዘ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር

እኅታችን፣ ወጣቱ የጠየቀው ወንጌሉን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው የሚጠይቀውን ነው። አስቀድመን የጊዜውን ቅደም ተከተል እንያዝ። ሉቃስ የዮሐንስን ስብከት ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በ15ኛው ዓመት ያስቀምጠዋል፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 28 ወይም 29 ዓ.ም. ይጠጋል። ማርቆስ ጌታ ተጠምቆ በምድረ በዳ 40 ቀን ከቆየ በኋላ በቀጥታ ወደ ገሊላ ይወስደናል፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ግን መጥምቁ ገና ወኅኒ ሳይገባ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በይሁዳ ምድር እንደ ነበረ ይነግረናል (ዮሐ. 3፥22-24)። እንግዲህ ማርቆስ የጌታን ስብከት የሚጀምርልን የመጥምቁ ድምፅ ከታፈነበት ጊዜ አንሥቶ ነው፤ ይህንንም አስቦበት ያደረገው ይመስለኛል።

ማቴዎስ «ወደ ገሊላ ፈቀቅ ብሎ ሄደ» ስላለ ብዙ ሰው ጌታ የሸሸ አድርጎ ይረዳዋል። ነገር ግን ገሊላ የማን ግዛት ነበረች? ዮሐንስን ያሰረው የሄሮድስ አንቲጳስ ግዛት አልነበረችምን? አንቲጳስ ገሊላንና ከዮርዳኖስ ማዶ ያለውን ፔርያን ይገዛ ነበር፤ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም ዮሐንስ የታሰረው ከሙት ባሕር በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በማኬሩስ ምሽግ እንደ ሆነ ጽፏል። ጌታ የተቀመጠባት ቅፍርናሆምና አንቲጳስ በቄሣሩ ስም የሠራት ጥብርያዶስ ደግሞ በአንድ ባሕር ዳርቻ ያሉ ከተሞች ነበሩ። ስለዚህ መንግሥት ቀረበች የሚለው አዋጅ የተነገረው በአሳሪው ደጃፍ ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ጌታን በገንዘባቸው ካገለገሉት ሴቶች መካከል ሉቃስ የሄሮድስን አዛዥ የኩዛን ሚስት ዮሐናን ይጠራል (ሉቃ. 8፥3)። ወንጌሉ ከአንቲጳስ ቤት ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ማቴዎስ በዚሁ ቦታ የኢሳይያስን ትንቢት ስለ ዛብሎንና ስለ ንፍታሌም ምድር ይጠቅሳል። ይህ ሰሜናዊ ምድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት በአሦር ንጉሥ እጅ አስቀድሞ የወደቀ፣ ሕዝቡም የተማረከ ነው (2ነገ. 15፥29)። ብርሃኑ የጀመረው ጨለማው ቀድሞ ከወደቀበት ቦታ ነው።

መልስ፦ የመካነ ኢየሱስ ምእመን

መምህራችን ያሉትን እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ የወጣቱ ጥያቄ በዚህ ብቻ የተመለሰ አይመስለኝም። ጌታ በናዝሬት የት ላይ ንባቡን እንዳቆመ እንመልከት። ኢሳይያስ 61 «የተወደደችውን የእግዚአብሔርን ዓመት» ካለ በኋላ ወዲያው «አምላካችንም የሚበቀልበትን ቀን» ይላል። ጌታ ግን ወደዚህኛው ሳይደርስ መጽሐፉን ጠቅልሎ ለአገልጋዩ ሰጠና ተቀመጠ። ከዚያም ነቢዩ ኤልያስ የተላከላትን የሰራፕታን መበለትና የሶርያውን ንዕማንን፣ ሁለቱንም ከእስራኤል ውጭ የሆኑትን፣ አነሣ፤ ሰዎቹም ተቈጥተው ከተማቸው ከተሠራችበት ኮረብታ አፋፍ ሊጥሉት ወሰዱት።

አሁን ደግሞ የመጥምቁን ስብከት እናስታውስ፤ ምሳር በዛፎች ሥር ተቀምጦአል፣ መንሹ በእጁ ነው፣ ገለባውን በማይጠፋ እሳት ያቃጥላል ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ንጉሥ ሲጠብቅ የኖረ ነቢይ ወኅኒ ተቀምጦ አሳሪው በዙፋኑ መሆኑን ሲያይ «የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ መላኩ አይደንቅም። የጌታን መልስ ቀስ ብላችሁ አንብቡት (ማቴ. 11፥5)፦ ዕውሮች ያያሉ፣ አንካሶች ይሄዳሉ፣ ለምጻሞች ይነጻሉ፣ ደንቆሮዎች ይሰማሉ፣ ሙታን ይነሣሉ፣ ለድሆችም ወንጌል ይሰበካል። በናዝሬት ያነበበው የታሰሩት መፈታት እዚህ የለም። ለዮሐንስ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ያ ነበር። ጌታም ይህን ያውቃል፤ «በእኔም የማይሰናከለው ሁሉ ብፁዕ ነው» የሚለውን የጨመረው ለዚህ ይመስለኛል። መልእክተኞቹ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ስለ ዮሐንስ ሲናገር ከሴቶች ከተወለዱት ከእርሱ የሚበልጥ አልተነሣም አለ። የዮሐንስ ጥያቄ በጌታ ፊት አላሳነሰውም፤ ያንንም ወጣት ማንም «እምነት ጐደለህ» እንዳይለው አደራ።

ጠያቂ፦ የሄርማታ ነዋሪ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ከመካከላችን አንዳንዶች ለወጣቱ «ከጸለይን ወንድምህ ይፈታል» ብለው ሊያጽናኑት ይፈልጋሉ። እኔ ይህን ለመናገር አልደፈርሁም። ከወንጌሉ አንጻር ምን ማለት ይገባናል?

መልስ፦ የመካነ ኢየሱስ ምእመን

አለመድፈርዎ ትክክል ነው እላለሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ያዕቆብ በሰይፍ ተገደለ፤ በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፣ ንጉሡም አንድ ነበር፤ ሉቃስ ግን ለምን አንዱ ተፈትቶ ሌላው እንደ ሞተ አያብራራም። መጸለይ ይገባል፣ ተስፋ መስጠት ግን የጌታ ነው። ጌታ በማቴዎስ 25 «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋል» ካለ፣ ያ ወጣት ስንቅ ይዞ የሚመላለሰው ንጉሡ ራሱን ወደ ቈጠረበት ቦታ ነው። እናንተም ብቻውን አትስደዱት።

መልስ፦ አባት ከማና

ልጄ፣ እኔ በማና ቡና ስተክል የኖርሁ ሽማግሌ ነኝ። ቡናችን የበልጉ ዝናብ እንደ ነካው አበባ ያወጣል፤ ፍሬው ቀልቶ የሚለቀመው ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አበባውን ያየ ሰው ለቀማው እንደሚመጣ አይጠራጠርም፣ ቅርጫት ይዞም አይወጣም። ጌታ «በእግዚአብሔር መንፈስ አጋንንትን የማወጣ ከሆንሁ የእግዚአብሔር መንግሥት ወደ እናንተ ደርሳለች» ብሎአል፤ እኛንም «መንግሥትህ ትምጣ» ብለን እንድንጸልይ አስተምሮናል። ደርሳለች የሚለውን ብቻ የያዘ ሰው የታሰረው ሲሞት እምነቱ ይሰበራል፤ ትመጣለች የሚለውን ብቻ የያዘ ደግሞ ዛሬ የሚፈወሰውን ድውይ አያይም። ሐዋርያት እንኳ ከትንሣኤው በኋላ «በዚህ ወራት ለእስራኤል መንግሥትን ትመልሳለህን?» ብለው ሲጠይቁ ጊዜውን አልነገራቸውም፤ ምስክሮቼ ትሆናላችሁ አላቸው እንጂ።

የጥናታችሁን አካሄድ በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። የማርቆስ ምዕራፍ 6 ላይ ስትደርሱ የዮሐንስን መገደል ለብቻው ለይታችሁ አታጥኑት። ማርቆስ ጌታ አሥራ ሁለቱን ለስብከት እንደ ላካቸው ይጽፍና ሳይመለሱ የዮሐንስን ራስ መቆረጥ ያስገባል፤ ከዚያ የዮሐንስ ደቀ መዛሙርት በድኑን ወስደው ቀበሩት ይልና ወዲያው ሐዋርያት ተመልሰው ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ እንደ ነገሩት ይቀጥላል። ለጥያቄው የወንጌላዊው መልስ በዚህ አቀማመጡ ውስጥ አለ ብዬ ስለማምን፣ ከቁጥር 7 እስከ 30 ያለውን በአንድ ምሽት ሳታቋርጡ ለልጁ አንብቡለት።