የሞራንዲ የገጠር ቤት ግድግዳ ለምን ያበራል?

ነጭ ሸራ፦
ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ በቦሎኛ አቅራቢያ በምትገኘው በግሪዛና ከሣላቸው መልክዓ ምድሮች አንዱን ከመጽሐፍ ላይ እያየሁ መቅዳት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ኮረብታ ላይ አንድ የገጠር ቤት፣ ከፊቱ ጥቅጥቅ ያሉ ዛፎች፣ ከበላዩ ጠባብ ሰማይ፤ በቃ። ሰው የለም፣ ከብት የለም። ቀለሙ ሁሉ አቧራ የለበሰ ይመስላል፤ ግድግዳው ግን የቀትር ፀሐይ እንዳረፈበት ያበራል። የእኔው ጭቃ ሆኖ ቀረ። ቀለሞቹን ያደበዘዝኩት ጥቁር እየጨመርኩ ነው። ሦስት ጊዜ ፍቄ ሦስት ጊዜ ቀባሁ። ምን ላይ ነው የሳትኩት?

አሮጌ ብሩሽ፦
ጥቁሩን ለጊዜው ያስቀምጡት። ሰማያዊን ከብርቱካናማ፣ አረንጓዴን ከቀይ ጋር አዋሕደው ነጭ ይጨምሩበት። የሚያገኙት ግራጫ ወይ ወደ ሙቀት ወይ ወደ ቅዝቃዜ ያዘነብላል፤ ሕይወቱ ያ ማዘንበሉ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ቦሎኛ ውስጥ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ከአንድ መልክዓ ምድሩ ፊት ረጅም ሰዓት ቆሜ አውቃለሁ። ግድግዳው ለብቻው ሲታይ ያረጀ ወረቀት ዓይነት ቀለም ነው፤ የሚያበራው ዛፉ ስለሚያጎላው ነው። ቀለም የሚታወቀው በጎረቤቱ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ይብሱና በእሷ በኩል መጀመሪያ የመጽሐፉን ግድግዳ፣ ቀጥሎ ዛፉን ይመልከቱ። ከዚያ የራስዎን ሸራ እንደዚያው ይፈትሹ። እባክዎ ይሞክሩት፤ እኔ ለዓመታት ከለፋሁ በኋላ ነው የደረስኩበት።

የኮረብታ መንገድ፦
በቅመማው እስማማለሁ፤ ሞራንዲ ያይበት የነበረውን መንገድ ግን አንርሳ። ሞራንዲ ግሪዛናን ያወቃት በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጊዜ፣ በ1943 እና በ1944፣ እዚያው ተጠግቶ ሣለ። የሩቁን ቤት አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ያይ እንደነበር ይነገራል። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ቤቶች መስኮቶች ብዙ ጊዜ መስታወትም መዝጊያም የላቸውም፤ ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ናቸው፣ አንዳንዴ ጭራሽ የሉም። እርስዎ መስኮት ላይ ፍሬም ሥለው ከሆነ ይደምስሱት። ዓይን እዚያ ላይ ከተያዘ ግድግዳውን አያይም። ከተማዋ በ1985 እ.ኤ.አ. ስሙን ከስሟ ጋር አጣምራ ግሪዛና ሞራንዲ ተባለች፤ ይገባዋል።

ነጭ ሸራ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በቀዳዳዋ አየሁ፤ የእኔ ግድግዳ ከመጽሐፉ እምብዛም አይለይም ነበር! የሳቱት ዛፎቹ ናቸው፤ ከልክ በላይ ነጭ ጨምሬባቸው ኖሯል። ትናንት ማታ ግድግዳውን ሳልነካ ዛፎቹን ብቻ በቀይና በአረንጓዴ ቅይጥ አጠቆርኳቸው፣ የመስኮቱንም ፍሬም ደመሰስኩ። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ቤቱ ከዛፎቹ ኋላ ብድግ ብሎ ጠበቀኝ። አሁን የቀረኝ ጣሪያው ነው።