ሸርጣኔ ቅርፊቱን ከጣለ ወዲህ አልበላም አለ

ሰላም፣ ያለሁት ዳንግላ ነው። ከወንዝ የመጡ ሁለት ሸርጣኖች ትልቅ ሳፋ ውስጥ አሉኝ። ከሥር አሸዋ፣ መደበቂያ የሚሆን የገንቦ ስባሪ፣ ከውሃው ወጣ የሚሉበት ድንጋይ አለ። ውሃው የቧንቧ ነው፣ ክሎሩ እንዲለቅ አሳድሬ ነው የምጨምረው (በክረምት የወንዙ ውሃ ጭቃ ነው፣ አይሞከርም)። ጎመንና የዓሣ ትርፍራፊ ይበሉ ነበር።

ሰሞኑን ጠዋት ስመለከት ሦስተኛ ሸርጣን የተጨመረ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ትልቁ ቅርፊቱን ከነእግሩ ከነመቆንጠጫው አውልቆ ጥሎት ነው። ትንሹ ደግሞ ጊዜ አላባከነም፣ አንድ እግር ገነጠለበት። ለየኋቸው። እግሩ ሌላ ጊዜ ቅርፊት ሲቀይር ቀስ በቀስ ስለሚበቅል እሱ ብዙም አያሳስበኝም። የጨነቀኝ ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ጀርባው ግን አሁንም ሲነኩት እንደ እርጥብ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ከስባሪው ሥር አይወጣም፣ ዓሣ ባቀርብለት ዞር ብሎም አያየው። የጣለውን ቅርፊት ለካልሲየሙ እንዲበላው እዚያው ተውኩለት፣ አልነካውም። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ብበትንም ውሃውን ከማደፍረስ በቀር ለውጥ የለም።

ሸርጣን ያሳደጋችሁ ወይ ባዮሎጂ የተማራችሁ፣ ቅርፊቱ ሳይጠነክር ስንት ቀን ቢቆይ ነው ችግር አለ የሚባለው?