ከፕላዝማ ቬሲክሎች የካንሰር ሜታቦላይት ለመለካት፦ ለጎንደር የሚሆን አሠራር?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ በጡት ካንሰር ተጠርጥረው ለባዮፕሲ ከሚመጡ ሴቶች ደም ወስደን፣ ፕላዝማው (ሴል አልባው የደም ፈሳሽ) ውስጥ ባሉት ቬሲክሎች፣ ማለትም ሴሎች በሚለቋቸው በቅባት ሽፋን የተጠቀለሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ላይ፣ ሜታቦላይቶችን (ሰውነት ሲሠራ የሚጠቀማቸውና የሚያመርታቸው ትንንሽ ኬሚካሎች)፦ ላክቴት፣ ግሉታሚን፣ ካይኑሬኒንና ቅባቶችን ለመለካት ፕሮፖዛል እየጻፍን ነው። ማቀዝቀዣ ያለው መደበኛ ሴንትሪፊዩጅ አለን፤ ቬሲክልን ለማዝቀጥ የሚበቃ ፍጥነት ያለው አልትራሴንትሪፊዩጅ የለም። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ሌላ ቦታ ስለሚሠራ ናሙናው እንደበረደ ይላካል። ስንት ሚሊ ደም ይበቃል? ቬሲክሉን በፔግ (ፖሊኢትሊን ግላይኮል) ኪት ብናዘቅጠውስ? ኮንትሮሎቹስ (ማወዳደሪያዎቹ) እነማን ይሁኑ?

ቀሃ_ባዮኬም፦
እህቴ፣ ፔጉን ተዪው። ፖሊመር ስለሆነ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ላይ በ44 ዳልተን እየተራራቀ የሚደረደር የፒክ ጫካ ያወጣል፤ የምትፈልጊውን ምልክት ይሸፍናል፣ ከመሣሪያውም ቶሎ አይለቅም። አልቡሚንና ሊፖፕሮቲንም (በደም ውስጥ ቅባት ተሸካሚ ቅንጣቶች) አብሮት ይዘቅጣል።

አልትራሴንትሪፊዩጅ ለሌለው የሚያዋጣው ኤስኢሲ፣ በመጠን የሚለየው ኮለም ነው። 10 ሚሊ ሴፋሮዝ ሲኤል-2ቢ የተባለ ጄል ሞልተሽ 500 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ትጭኛለሽ፤ ከዚያ በየ500 ማይክሮሊትሩ ትሰበስቢያለሽ። ቬሲክሉ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ክፍልፋይ ይወጣል፤ ፕሮቲኑ ይከተላል። ኮለም ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ በየክፍልፋዩ ፕሮቲን፣ ሲዲ63 ወይም ሲዲ81 (የቬሲክል ምልክት ፕሮቲኖች)፣ እንዲሁም አፖቢ (የሊፖፕሮቲን ምልክት) ለክታችሁ የራሳችሁን ወሰን አስምሩ። ማውረጃው (በኮለሙ የሚፈሰው ፈሳሽ) ፒቢኤስ የተባለው የጨው መፍትሔ ከሆነ ጨው ምልክቱን ያፍናል፤ 150 ሚሊሞላር አሞኒየም አሴቴት በትነት ስለሚሄድ ይሻላል። የተሰበሰበውን ናሙና ማጠንከሪያው (ፈሳሹን የሚቀንሰው) የ100 ኪሎዳልተን ፊልተር ግሊሰሪን ስለሚለቅ አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ።

አሁን ፕሮፖዛሉን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ሒሳብ ይኸው። ከ1 ሚሊ ፕላዝማ 100 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው 10 ቢሊዮን ቬሲክሎች አገኘን እንበል። የሁሉም ይዘት ተደምሮ 5 ናኖሊትር ገደማ ነው። ውስጣቸው ላክቴት በ1 ሚሊሞላር ቢኖር ጠቅላላው 5 ፒኮሞል ይሆናል። ፕላዝማው በዚያው ክምችት 1 ማይክሮሞል፣ ማለትም 200 ሺህ እጥፍ ይዟል። ከፕላዝማው ላክቴት ከ100 ሺህ አንድ እጅ ብቻ ሾልኮ ቢያልፍ እንኳ ከቬሲክሉ እጥፍ ይሆናል! ስለዚህ ከቬሲክሉ በፊት የሚወጣውን ክፍልፋይና ፕላዝማ ያላለፈበትን ማውረጃ እንደ ባዶ ናሙና በሁሉም ደረጃ አሳልፏቸው። ያለ እነሱ የሚገኘው ቁጥር የፕላዝማ ይሁን የቬሲክል መለየት አይቻልም።

እኔ ብሆን በሽፋኑ ቅባቶች እጀምር ነበር፤ ስፊንጎማይሊን፣ ሴራማይድና ፎስፋቲዲልሰሪን የሽፋኑ አካል ስለሆኑ በእጥበት አይሄዱም። ስጋታቸው ሌላ ነው፦ ቪኤልዲኤልና ካይሎማይክሮን የተባሉት ሊፖፕሮቲኖች መጠናቸው ከቬሲክል ጋር ስለሚገጥም ኤስኢሲ አይለያቸውም። አፖቢ ይለካ ያልኩት ለዚህ ነው።

እንደ ላክቴት በውሃ ለሚሟሙት ዋልታዊ ሜታቦላይቶች 100 ማይክሮሊትር የጠነከረ ናሙና ላይ 400 ማይክሮሊትር የቀዘቀዘ ሜታኖል ጨምሩ፤ በአይሶቶፕ የተለጠፈው ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ሜታኖሉ ውስጥ አስቀድሞ ይግባ። አንድ ሰዓት በ-20፣ 15 ደቂቃ በ14,000 ጂ (የሽክርክር ኃይል) በ4 ዲግሪ፣ ከዚያ ከላይ ያለውን በናይትሮጅን ማድረቅ።

አዘዞ_ላብ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን አብዛኛው ብልሽት ኮለሙ ጋ ሳይደርስ፣ ደም መቅጃው ላይ ነው የሚፈጠረው።

ደሙ እንዳይረጋ በሚያደርግ በኢዲቲኤ ቲዩብ 10 ሚሊ ውሰዱ፤ 3.5 ሚሊ ገደማ የሚሠራበት ፕላዝማ ይወጣዋል። 2 ሚሊው ለልኬት፣ ቀሪው ለማረጋገጫና ለመጠባበቂያ። ሄፓሪን አይሁን። ሴረምም አይሁን፤ ደሙ ሲረጋ ፕሌትሌቶች የራሳቸውን ቬሲክል ይለቃሉ። መርፌው 21 ጌጅ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ሚሊ ለሌላ ምርመራ። ክንድ ማሰሪያው አይቆይ፣ ታካሚዋም ጡጫዋን ደጋግማ አትጨብጥ፤ ላክቴት ከፍ ይላል።

ቲዩቡን በበረዶ ላይ አታስቀምጡት፤ ቅዝቃዜ ፕሌትሌትን ይቀሰቅሳል። በክፍል ሙቀት ደግሞ የደም ሴሎቹ ግሉኮሱን በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይበሉታል። መውጫው ፍጥነት ነው፦ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሴንትሪፊዩጅ ላይ ይውጣ። 2,500 ጂ ለ15 ደቂቃ፣ ፍሬኑ ዝቅ ብሎ፤ ከነጩ ንብርብር በላይ 1 ሴንቲሜትር ትታችሁ ቅዱ፤ በአዲስ ቲዩብ ድገሙት። ሁለተኛው ዙር ለምን? የቀረ ፕሌትሌት ሲበርድ ይሰነጠቅና ስብርባሪው ቬሲክል መስሎ ይቆጠራል።

ጂ እና አርፒኤም (በደቂቃ የዙር ብዛት) እንዳይምታቱ። የሮተሩ ራዲየስ 17 ሴንቲሜትር ከሆነ 2,500 ጂ ማለት 3,630 አርፒኤም ገደማ ነው፤ «2,500 ላይ አድርገው» ተብሎ በአርፒኤም ከተሞላ ግማሹንም ኃይል አያገኝም። ሄሞላይሲስን (የቀይ ደም ሴሎች መፈንዳትን) በ414 ናኖሜትር ለክታችሁ መጣያ ወሰኑን ሥራው ሳይጀመር ጻፉ።

ፒያሳ_ኤፒ፦
ኮንትሮል እንደ ጤነኛ ሠራተኛና ተማሪ ካደረጋችሁት ጥናቱ ከመጀመሪያው ወደቀ። ለዚያው ባዮፕሲ መጥተው ውጤታቸው ካንሰር ያልሆነውን ውሰዱ፤ ደሙም ከባዮፕሲው በፊት፣ ለሁሉም በባዶ ሆድ ጠዋት ይቀዳ። ካይኑሬኒን ለካንሰር ብቻ የተለየ አይደለም፤ በሳንባ ነቀርሳና በኤችአይቪም ከፍ ይላል። እኛ አካባቢ ካላዛርም ስላለ ኢንፌክሽን ያለባቸው በግልጽ ተመዝግበው ይለዩ።

ጾሙን አትርሱ። ሁዳዴ ላይ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ለ55 ቀን ሲቀር የደም ቅባት ይቀየራል። ካንሰሮቹን በሁዳዴ፣ ኮንትሮሎቹን ከፋሲካ በኋላ ብትሰበስቡ ልዩነቱ የፍስክ ይሆናል። ጾመኛና ፍስከኛ መሆናቸው፣ የቡና ሰዓትና የሚወስዱት መድኃኒት ፎርሙ ላይ ይስፈር።

«ቀድሞ መለየት» የሚለውንም በቁጥር አስቀምጡ። ከ10,000 ሴቶች 50ዎቹ ካንሰር ቢኖርባቸውና ምርመራው በሁለቱም በኩል 90 በመቶ ትክክል ቢሆን፣ 45 ታማሚ ያገኛል፤ 995 ጤነኛ ደግሞ ያስደነግጣል። ለባዮፕሲ የመጡትን ለማበጠር ብላችሁ ብትጽፉት ይበልጥ ያስኬዳል።

የማራኪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! መብራት ሲጠፋና በጉዞ ላይስ?

አዘዞ_ላብ፦
ፕላዝማውን በ500 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ በ-80 አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሟሟ። ጄኔሬተር ቢኖርም ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ ፍሪዘሩ ውስጥ ይኑር፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሳያው ላይ ያለው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። የታማሚና የኮንትሮል ናሙና በአንድ ሳጥን ተቀላቅሎ ይቀመጥ፤ ጉዳት ቢደርስ ሁለቱን እኩል ይንካ። ለጉዞ ደረቅ በረዶ ካልተገኘ በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚሠራ ድራይ ሺፐር ተጠቀሙ፤ የመጠባበቂያውን ሳጥን ግን አብራችሁ አትላኩ።