አሜልና ብለድሬድ እባቦች ተዳቅለው ቀይ ልጅ ለምን አልወጣም?

ቀይ ኮርቻ፦
ሰላም ለቤቱ። አሜል (ጥቁር ቀለም የሌለው) ወንድ ኮርን ስኔክ፣ ማለትም በቤት የሚረባ እባብ፣ ከብለድሬድ (ንድፉ የደበዘዘ፣ ቀይ) ሴት ጋር ተዳቅሎ ከ14 እንቁላል 13ቱ ተፈልፍሏል። ሁሉም ተራ መልክ ነው ያላቸው፤ ጀርባቸው ላይ ቡናማ ብርቱካናማ ኮርቻ (ትልልቅ ነጠብጣብ)፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር። የአንዳንዶቹ ሆድ ላይ ያለው የዳማ ሰሌዳ መሃሉ ባዶ ነው። የምፈልገው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ቀይ የሆነ እባብ ነበር። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? መኖው ላይ ካሮቲን ብጨምር ወይም ማፈልፈያውን ሞቅ ባደርገው ለውጥ ይኖረዋል?

ዘር ቆጣሪ፦
የተሳሳትከው ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ትውልድ እንዲህ ነው የሚወጣው። አሜልም ብለድሬድም ሪሴሲቭ ስለሆኑ መልካቸው የሚታየው ከአባትም ከእናትም ሲወረሱ ነው። 13ቱም የሁለቱ ተሸካሚ ናቸው፤ በእኛ አነጋገር ደብል ሄት። የሆዱ ባዶነት የብለድሬድ ተሸካሚ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ምልክት ነው፤ ሁሌም ግን አይታይም።

ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ብለድሬድ ውስጥ ያለው ዘረመል፣ ዲፊውዝድ የሚባለው፣ ሥራው የጎንና የሆድ ንድፍን ማደብዘዝ ነው። ቀይ አይቀባም። አሜልም ቢሆን ኦሲኤ2 የተባለው ዘረመል ተበላሽቶ ጥቁሩ እንዳይሠራ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም። ጥቁሩ ተነሣ፣ ንድፉ ጠፋ፤ ከሥር የሚቀረው ቀለም ቀይ ይሁን ወይም የደበዘዘ ብርቱካን የሚወስነው ዘር እየመረጡ ብዙ ትውልድ ማርባት ነው። ስለዚህ ዲፊውዝድ ሆኖ ቡናማ የሆነ እባብ ሞልቷል።

የምትፈልገው ፋየር የሚባለውን ነው፤ አሜልና ዲፊውዝድ አንድ ላይ። ወንድምና እህት ብታዳቅል ከ16 አንዱ ፋየር ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፤ 16 እንቁላል ተጥሎ አንድም ላይወጣ የሚችልበት ዕድል ግን 36 በመቶ ገደማ ነው። ከእነዚህ ሴቶች አንዷን ዝምድና ከሌለው ፋየር ወንድ ጋር ብታገናኛት ከአራት አንዱ ፋየር ይሆናል፤ ከ16 እንቁላል ምንም ያለማግኘት ዕድሉ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ወንዱን ስትመርጥ በ3 ዓመቱም ቀይነቱን የያዘ ይሁን። የግልገል ፎቶ አይተህ አትግዛ።

ዝምድና የሌለው ያልኩትን ችላ አትበለው። የብለድሬድ ዘር በዘመድ ርቢ ብዙ የተጨነቀ ነው፤ ግልገሎቹ ትንንሽና ምግብ እምቢ ባዮች የሚሆኑት በዚሁ ነው።

ጥላ ብርሃን፦
ስለ ምርጫው ልጨምር። ብለድሬድ ሲፈለፈል ጭንቅላቱ ግራጫ፣ ሰውነቱም ፈዛዛ ነው። ቀዩ የሚመጣው እያደገ፣ ቆዳ በጣለ ቁጥር ነው። በሁለት ወሩ «ይሄ አልቀላም» ብሎ የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ምርጡን ነው። አሜል ደግሞ ግልባጩ ነው፤ በግልገልነቱ ደማቅ ቀይ ይመስላል፣ ሲያድግ አንገቱና ጎኑ ላይ ቢጫ እየገባ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ስለዚህ ከ18 ወር በፊት አትፍረድ።

ማነጻጸሪያ ፎቶ ስታነሣ ቆዳ ከጣለ በ3 እና በ4 ቀን ውስጥ፣ በጥላ ውስጥ ባለ የቀን ብርሃን፣ ሁሌ በአንድ ግራጫ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ አንሣ። ዐይኑ ሰማያዊ ጭጋግ ሲለብስ ቆዳ ሊጥል ነው፤ ያኔ ሁሉም እባብ የሞተ ቀለም ነው። በቀይ አምፖል ሥር የተነሣ ፎቶ ማስታወቂያ ላይ ካየህ እለፈው። አንገቱ ላይ ያለውን ቢጫ እና በኮርቻዎቹ መካከል ያለውን መደብ ለየብቻ መዝግብ፤ ብዙ ሰው ኮርቻውን ብቻ አይቶ ይመርጥና ትውልዱ መደቡ ላይ ብርቱካን ሆኖ ይቀራል።

ሙቅ ሣጥን፦
ካሮቲኑን ተወው። ሙሉ አይጥ የሚበላ እባብ የሚጎድለው የለም፤ ካሮቲን ቢገፋ ቢገፋ ቢጫውን ነው፣ አንተ ደግሞ የምትሸሸው እሱን ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት አይጥ ሽታው ስለሚቀየርም ግልገል ይተወዋል።

ማፈልፈያውንም ለቀለም ብለህ አታሙቀው። ከ27 እስከ 28.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል፤ በ55 እና በ65 ቀን መካከል ይፈለፈላሉ። ከ32 ካለፈ አከርካሪው የተቆለመመ ወይም እንቁላሉ ውስጥ የሞተ ታገኛለህ። ቨርሚኩላይት (እንቁላሉ የሚቀበርበት፣ እርጥበት የሚይዝ ማዕድን) እና ውሃ በክብደት እኩል፦ 200 ግራም ለ200 ግራም። በእጅህ ጨምቀው፤ ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ካፈሰሰ ርሷል። እንቁላሎቹን እስከ ግማሻቸው ቅበር፣ አናታቸውን በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ አትገልብጥ። የተጣበቁትን ለመለየት አትታገል።

ሴቷ ቢያንስ 300 ግራምና 3 ዓመት ይሁናት። ከርቢ በፊት እንድትቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ከቅዝቃዜው በፊት 2 ሳምንት አታብላት፤ ሆዷ ውስጥ የቀረ ምግብ ሲቀዘቅዝ ይበሰብሳል። ከዚያ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳምንት፣ ውሃ ሳይጠፋ። ከሞቀች በኋላ የመጀመሪያውን ቆዳ ስትጥል ወንዱን አስገባ።

ቀይ ኮርቻ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ቦታዬ የሚበቃው ለ4 ሣጥን ነው። ከ13ቱ የትኞቹን ላስቀር? ሁለቱ ደግሞ እስካሁን አልበሉም።

ዘር ቆጣሪ፦
ፋየር ወንድ የምታመጣ ከሆነ 3 ሴት ይበቃሃል፤ አራተኛው ሣጥን የሱ ነው። ደብል ሄትነታቸው እኩል ስለሆነ የሚለያቸው መደቡና የምግብ ፍላጎታቸው ብቻ ነው። ያለ ትግል የበሉትን አስቀድም፤ በምርጫ ውስጥ ቀለምን ብቻ ካየህ እምቢተኝነቱንም አብረህ ታረባለህ። ፆታውን የለመደ ሰው ይይልህ፤ ጭራውን በኃይል መጫን ግልገሉን ይጎዳዋል።

ሙቅ ሣጥን፦
ላልበሉት ሁለቱ፦ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ካልጣሉ ጠብቅ፤ ከተፈለፈሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ከጣሉ 2 ግራም ገደማ የሆነ፣ ፀጉር ያላወጣ ጨቅላ አይጥ በሳሙና ሳይሆን በሙቅ ውሃ እጠብ፣ አድርቅ። ጭንቅላቱን በመርፌ ብሳ፣ ፈሳሹ አፍንጫው ላይ ይታይ። እባቡን ከአይጡ ጋር ክዳኑ በተበሳ ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ከተህ ጨለማ ቦታ አሳድረው፤ እየከፈትክ አትይ። ካልበላ 5 ቀን ሳትነካው ቆይተህ ድገም። በየቀኑ የሚቀርብለት ግልገል በጭንቀት ብቻ ይከሳል።